ቪዲዮው ለምን ይቆራረጣል? ከጉንችሬ ሳሎን የተነሳ የ50 ዓመት ታሪክ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ኪስ ውስጥ የሚገባ ስልክ አንድ ቪዲዮ ይቀርጻል፤ ያንኑ ቪዲዮ መልሶ ሲያሳያችሁ እንደ ውሃ ይፈሳል። ፋይሉን ገልብጣችሁ ሚኒ ፒሲ ላይ ስትከፍቱት ግን ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል፣ ይዘላል። ድምፁ ቀድሞ ሄዷል፣ ምስሉ ኋላ ቀርቷል። ሚኒ ፒሲው ከስልኩ ይተልቃል፣ ማቀዝቀዣ አለው፣ ኤሌክትሪኩንም በቀጥታ ከግድግዳ ነው የሚጠጣው። ታዲያ ትልቁ በትንሹ ለምን ተበለጠ?

ይህ ጥያቄ እኔን ያገኘኝ ባለፈው መስቀል፣ ጉንችሬ፣ አጎቴ ሳሎን ውስጥ ነው። እንደምታውቁት ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ይገባል። ከአዲስ አበባም ከሌላውም ተሰብስበን ነበር፤ የጎደሉት አያታችን ብቻ ናቸው። አባባ ያረፉት በዓመቱ መሃል ነው። ከዚያ በፊት በነበረው መስቀል ጀፎረው ላይ ደመራውን ሲለኩሱ የአክስቴ ልጅ በስልኩ ቀርጿቸዋል፤ 9 ደቂቃ፣ 3.6 ጊጋባይት። እማማ ዓይናቸው ስለደከመ በስልክ ስክሪን ማየት አይችሉም፤ በትልቁ ቴሌቪዥን ይሁንልኝ አሉ። ቴሌቪዥኑ የቆየ ነው፤ ፍላሹን ስንሰካበት ፋይሉን አላውቀውም አለ። ስልኩን ከቴሌቪዥኑ የሚያገናኝ ገመድም አልነበረንም። የቀረው ሚኒ ፒሲው ነው። እሱ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ትንሽ እየተንገዳገደ ይሄድና አባባ ችቦውን ሲያነሱ ቀጥ ይላል።

አጎቴ ዕቃውን የገዛው ያገለገለ ኮምፒውተር ከሚሸጥ አንድ ሱቅ ነው። «4ኬ ያጫውታል» ተብሎ ነበር። ስለዚህ «ተሸወድኩ» ብሎ ደምድሟል፤ አዲስ ልግዛ ሲል ደግሞ ዋጋው ለበሬ ካዋጣው ገንዘብ ይበልጣል። ወደ እኔ ዞሮ «መሐንዲስ ነሽ አይደል? እስቲ እይው» አለኝ። ዘመዶቻችን ከሁለት ቀን በኋላ ሊመለሱ ነው።

መጀመሪያ ማንም እንደሚያደርገው አደረግኩ። ኢንተርኔት ነው እንዳልል ፋይሉ እዚሁ አለ። ፍላሹ ቀርፋፋ ይሆን ብዬ ወደ ዲስኩ ገለበጥኩት፤ ያው ነው። ሙቀት ይሆን ብዬ ከፍቼ አቧራውን አራገፍኩ። (ቤተሰቡ ይሄን ሲያይ በጣም ተደሰተ፤ ጥገና ማለት ክዳን መክፈት ነው።) ማሽኑ ቀዘቀዘ፣ ቪዲዮው ግን አልዳነም። ከዚያ አንድ የሙዚቃ ክሊፕ ከፈትኩ፤ ያለ ምንም መቆራረጥ ሄደ። ስለዚህ ማሽኑ አልተበላሸም። የማይስማማው ከዚህ ፋይል ጋር ብቻ ነው። ቪኤልሲ ውስጥ ኮንትሮልና ጄን አንድ ላይ ተጭኜ ፋይሉ በምን እንደተጻፈ ተመለከትኩ፤ «ኤችኢቪሲ» ይላል። ጉዳዩ እዚህ ላይ ተገለጠልኝ። ግን ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ወደ ኋላ መሄድ አለብን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ትንሽ ሒሳብ። አንድ የ4ኬ ምስል 3840 በ2160 ነጥብ ነው፤ ሲባዛ 8,294,400 ነጥብ። ለእያንዳንዱ ነጥብ በአማካይ 12 ቢት ይበቃል እንበል። ስልኩ በሰከንድ 60 ምስል ስለቀረጸ ጥሬው ቪዲዮ በሰከንድ 6 ቢሊዮን ቢት ገደማ ይሆናል። ፋይላችን ግን በሰከንድ የሚይዘው 53 ሚሊዮን ቢት ያህል ብቻ ነው። ከመቶ እጅ ዘጠና ዘጠኙ የለም ማለት ነው! ስለዚህ «ቪዲዮ ፋይል» የምንለው ነገር የምስሎች ክምር አይደለም። ምስሎቹ እንዴት መልሰው እንደሚሠሩ የሚናገር መመሪያ ነው። የሚያጫውተው ዕቃ መመሪያውን አንብቦ እያንዳንዱን ምስል በ1/60 ሰከንድ ውስጥ እንደገና መሥራት አለበት። ካልደረሰበት ምስሉን ይጥለዋል፤ እናንተም «ተቆራረጠ» ትላላችሁ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1964 ሥራ ሲጀምር እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ጣቢያው የላከውን ሞገድ በየቤቱ ያለው ሳጥን እንደመጣ ወደ ብርሃን ይቀይረዋል፤ የሚፈታ መመሪያ የለም። ምስሉ ቢበላሽ በረዶ ይዘንባል እንጂ ቀጥ ብሎ አይቆምም። አንቴናውን የሚያዞር ልጅ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ያ ነው ጥገናው።

ሐሳቡ ግን ከዚያም በፊት ነበር። በ1929 ሬይ ኬል የተባለ መሐንዲስ እያንዳንዱን ምስል ሙሉ ለሙሉ ከመላክ ይልቅ ከቀዳሚው ምስል የተለወጠውን ብቻ ስለመላክ በእንግሊዝ ፓተንት ውስጥ ጽፎ ነበር። እናንተም ይህን ሳታውቁት ትሠሩበታላችሁ። አገር ቤት ደውላችሁ ወሬ ስትጠይቁ ማንም ሰው መንደሩን ከነአጥሩ አይተርክላችሁም። «ሁሉም እንዳለ ነው፣ ላሟ ወለደች» ይሏችኋል። ቪዲዮም እንደዚሁ ነው፤ አልፎ አልፎ አንድ ሙሉ ምስል ይላካል፣ በመካከሉ ያሉት «ይሄኛው ቁራጭ ትንሽ ወደ ቀኝ ሄዷል፣ ሌላው እንዳለ ነው» የሚሉ ናቸው።

ሁለተኛው ቁልፍ የመጣው ከናስር አህመድ ነው። ሕንድ፣ ባንጋሎር ተወልዶ አሜሪካ ካንሳስ ያስተማረ መሐንዲስ ነው። ምስልን በትናንሽ ካሬ ቆራርጦ በየካሬው ውስጥ ያለውን የብርሃን ለውጥ በሰፋፊና በጥቃቅን ሞገዶች የሚገልጽ ሒሳብ አሰበ። ዓይናችን ሰፋፊውን ለውጥ በደንብ ያያል፣ በጥቃቅኑ ላይ ግን ሰነፍ ነው፤ ስለዚህ ከጥቃቅኑ ብዙውን ብትጥሉት ማንም አያውቅባችሁም። በ1972 ለምርምሩ ገንዘብ እንዲሰጠው የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ጠይቆ ነበር፤ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ሐሳቡ በጣም ቀላል ነው አለና ተከለከለ። እሱም ከተማሪው ናታራጃንና ከባልደረባው ራኦ ጋር ሠርቶ በ1974 በጥቂት ገጾች አሳተመው። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት የጄፔግ ፎቶም፣ የምታዩት ቪዲዮ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ከዚያች ጽሑፍ የወረደ ነው። ያ ገምጋሚ በኋላ ምን እንዳሰበ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ልዩነትን መላክና ካሬውን ወደ ሞገድ መቀየር ተጋቡና ልጆች ወለዱ። አንዱን ታላላቆቻችሁ በደንብ ያውቁታል፤ ቪሲዲ። በ1993 የወጣው ይህ ዲስክ ኤምፔግ-1 በሚባለው መንገድ የተጻፈ ነው። 352 በ288 ነጥብ ያለው፣ በጥሬው በሰከንድ 30 ሚሊዮን ቢት የሚሆን ቪዲዮ 1.15 ሚሊዮን ውስጥ ገባ። እኛ አገር የአማርኛ ፊልምና የሙዚቃ ክሊፕ በየሱቁ የተሸጠው በዚህ ነው። እና አሁን ለታሪካችን የሚያስፈልገው ነጥብ ይሄ ነው፦ በዚያ ዘመን ብዙ ኮምፒውተሮች ቪሲዲ ማጫወት ያቅታቸው ነበር! ለዚህ ብቻ የተሠራ ተጨማሪ ካርድ ተገዝቶ ይገጠም ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ፕሮሰሰሮች ፈጠኑና ካርዱ ተረሳ።

በ2003 ኤች.264 መጣ። ከዚያው ብዛት ያለው ቢት የተሻለ ምስል አወጣ፤ በምትኩ የሚፈታውን ዕቃ ብዙ ያደክማል። ታሪኩ ራሱን ደገመ፤ ኮምፒውተሮች ተንገዳገዱ፣ ቆይቶ የግራፊክስ ቺፖች ውስጥ ለዚሁ ብቻ የተሠራ ሰርኪት ገባ። በየቤቱ ደግሞ በሌላ መልክ ታየ፤ ቻናሎች ወደ ኤችዲ ሲቀየሩ የድሮው ሪሲቨር ጥቁር ስክሪን ያሳያል፣ ሰውም «ዲሹ ዞሯል» ብሎ ጣሪያ ይወጣል። ዲሹ ምንም አልሆነ። ሪሲቨሩ የሚያውቀው የቀድሞውን ቋንቋ ብቻ ነው።

ከዚያ በ2013 ኤች.265፣ በሌላ ስሙ ኤችኢቪሲ ጸደቀ። ኤች.264 ምስሉን 16 በ16 በሆኑ ካሬዎች ሲከፍል ይሄኛው እስከ 64 በ64 ይሄዳል። አንድ ካሬ ከጎረቤቶቹ ተነስቶ ምን ሊመስል እንደሚችል የሚገመትበት መንገድ ከ9 ወደ 35 አደገ። በግማሽ ቢት ያንኑ ጥራት ለማምጣት ታስቦ የተሠራ ነው፤ ስልኮች የወደዱትም ቦታ ስለሚቆጥብ ነው። አዳዲስ ስልኮች 4ኬ ሲቀርጹ ብዙዎቹ ይህን ይመርጣሉ። ሳይጠይቋችሁ።

አሁን ወደ ሳሎኑ እንመለስ። የአጎቴ ሚኒ ፒሲ ውስጥ ያለው የኢንቴል 4ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ነው፤ ለገበያ የቀረበው በ2013። ዓመቱን ልብ በሉልኝ። ኤችኢቪሲ የጸደቀበት ዓመት ነው! ቺፑ ሲነደፍ ቋንቋው ገና አልተጨረሰም። ኤች.264ን የሚፈታ ሰርኪት አለው፤ ለዚህ ነው የሙዚቃ ክሊፑ የፈሰሰው። ለኤችኢቪሲ ሙሉ ሰርኪት ኢንቴል የጨመረው በ2015፣ በ6ኛው ትውልድ ነው። ስለዚህ የእኛው ማሽን ይህን ፋይል የሚፈታው በዋናው ፕሮሰሰር፣ በጉልበት ነው። ስልኩ ግን ለዚህ ብቻ የተቀረጸ ትንሽ ሰርኪት አለው። ክትፎ ቤት ገብታችሁ ከታፊውን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀኑን ሙሉ አንድ ሥራ ነው የሚሠራው፣ እጁ አይታይም። እኔና እናንተ ብንሞክረው የፈለገ ጠንካራ ብንሆን ማዕዱ ይዘገያል።

ይህን በራሳችሁ ማሽን ማየት ትችላላችሁ። ቪዲዮው እየሄደ ታስክ ማናጀርን ክፈቱና «ጂፒዩ» የሚለው ውስጥ «ቪዲዮ ዲኮድ» የሚለውን መስመር ተመልከቱ። እዚያ መሬት ላይ ተኝቶ ሲፒዩው 100 በመቶ ከሆነ፣ ሰርኪቱ አልተጠራም ማለት ነው። በእኛ ላይ ልክ እንደዚያ ነበር። ሰርኪቱ እያለ ያልተጠራበት ጊዜም አለ፤ ያኔ የግራፊክስ ድራይቨሩን ማደስ ወይም በማጫወቻው ውስጥ የሃርድዌር ዲኮዲንጉን ማብራት ይበቃል።

ግን ለምን በተለይ አባባ ችቦውን ሲያነሱ? ይሄ ለእኔም ሌሊቱን ያሰብኩበት ነው። ከዚያ በፊት ያለው ምስል ብዙ አይለወጥም፤ ሣሩ፣ ቤቶቹ፣ የቆመው ሰው። «ሁሉም እንዳለ ነው» ለማለት ይመቻል። እሳቱ ሲያያዝ ግን ነበልባሉም ጭሱም በየምስሉ አዲስ ነው፣ ሰውም መዝለል ይጀምራል። ካለፈው ምስል የሚወሰድ ነገር የለም፤ መመሪያው ይረዝማል፣ ሥራው ይበዛል። እስከዚያ በአፍንጫው ሲተነፍስ የነበረ ፕሮሰሰር እዚያ ላይ ይሰምጣል።

ሻጩም አልዋሸም፣ ወይም ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ማሽኑ 4ኬ ስክሪን ላይ መሳል ይችላል፤ የዛሬን 4ኬ ቪዲዮ መፍታት ግን ሌላ ችሎታ ነው። ስለዚህ ስትገዙ «4ኬ ይችላል ወይ?» አትበሉ። ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ትውልድ ነው በሉ። ኢንቴል ከሆነ ለተራ ኤችኢቪሲ 6ኛ፣ ለ10 ቢቱ 7ኛ ይበቃል። በ2018 ለወጣውና ዩቲዩብ ለሚጠቀምበት ኤቪ1 ግን 11ኛ ያስፈልጋል። ዩቲዩብ 4ኬን በኤች.264 አያቀርብም፤ የቆየ ማሽን ያላችሁ 1080 ላይ ብታዩት ብዙ መንገዳገድ ይቀራል።

እኛ ሌላ ማሽን አልነበረንምና ፋይሉን ወደሚያውቀው ቋንቋ ለመተርጎም ወሰንኩ። ሃንድብሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ ነበር፤ ላፕቶፑ ግን ከሚኒ ፒሲውም ያረጀ ስለሆነ ፕሮግራሙን በፍላሽ አሻግሬ እዚያው ጫንኩት። ኤች.264፣ 1080፣ በሰከንድ 30 ምስል። ቴሌቪዥኑ ራሱ ከ1080 በላይ ስለማያሳይ የምናጣው ትንሽ ነው። ሲተረጉም መቸኮል የለበትም፤ አንዱን ምስል በ1/60 ሰከንድ ካልጨረሰ ማንም አይጮህበትም። ወደ 40 ደቂቃ ይፈጃል ሲል ተኛሁ ማለት ይቻላል። በ30ኛው ደቂቃ መብራት ሄደ።

ኤምፒ4 ፋይል ብዙውን ጊዜ ማውጫውን የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ መሃል ላይ ከተቋረጠ የተሠራው ሁሉ ዲስኩ ላይ እያለ አይከፈትም፤ ገጾቹ ያሉት ማውጫው የጠፋ መጽሐፍ ነው። መብራቱ ሲመለስ ኤምኬቪ መርጬ እንደገና ጀመርኩ፤ እሱ ቢቋረጥም እስከዚያ የደረሰው ይታያል። ዋናውን ፋይል ደግሞ ሁለት ቦታ አስቀመጥኩት። ትርጉም ሁልጊዜ የሚጥለው ነገር አለና፣ እናንተም ዋናውን አታጥፉ።

በማግስቱ ከቡና በኋላ ከፈትነው። ሲፒዩው 10 በመቶ አካባቢ ነው፤ ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። አባባ ችቦውን አነሱ፣ እሳቱ ተያያዘ፣ ምስሉ አልቆመም። እማማ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉና እስኪያልቅ ምንም አላሉም። ከዚያ «ጋቢውን አዙሮ ነው የለበሰው» አሉ። «ነግሬው ነበር።»