ቀጭን መንቁር ከርሉ፦ ፈላጊዎቹ ያላገኙት ወፍ

ቀጭን መንቁር ከርሉ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኑሜኒየስ ቴኑይሮስትሪስ፣ በእስያ ሰሜናዊ ሜዳዎችና በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ መካከል ይመላለስ የነበረ ባለ ረጅም እግር ወፍ ነው። ምግቡን የሚለቅመው ረግረግና የባሕር ዳር ጭቃ ውስጥ ነበር። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ሉዊ ፒዬር ቪዬዮ ሲሆን ዘመኑም 1817 ነው (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። “ኑሜኒየስ” የሚለው ስም ከግሪክኛው “አዲስ ጨረቃ” ጋር ይያያዛል፤ የወፉ መንቁር እንደ ለጋ ጨረቃ ቆልመም ያለ ነውና። ሁለተኛው፣ የላቲኑ ቃል፣ “ባለ ቀጭን መንቁር” ማለት ነው።

ወፉን ከዘመዶቹ መለየት ለባለሙያም ፈተና ነበር። ቁመቱ ከ36 እስከ 41 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የቅርብ ዘመዱ ትልቁ ከርሉ ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ቢሆንም፣ ራቅ ባለ ጭቃ ላይ ብቻውን የቆመን ወፍ መጠን በዓይን መገመት ያሳስታል። እርግጠኛ የሚያደርጉት ምልክቶች ጥቃቅን ናቸው፦ ነጣ ያለ ሆድ፣ በጎኑ ላይ የልብ ቅርጽ ያላቸው ጥቁር ነጠብጣቦች፣ ነጭ የክንፍ ውስጠኛ ክፍል፣ ጫፉ እየሾለ የሚሄድ መንቁር። ትልቁ ከርሉ ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ አፍሪካ ከሚሰደዱ ወፎች አንዱ ነው፤ ዛሬም አለ።

የሚራባበት ቦታ በእርግጠኝነት የታወቀው አንድ ብቻ ነው። ሩሲያዊው ቫለንቲን ኡሻኮቭ ከ1909 እስከ 1925 ባሉት ዓመታት ከኦምስክ ከተማ በስተ ሰሜን፣ ታራ በተባለ አካባቢ ረግረግ ውስጥ ጎጆዎቹን አግኝቶ መዘገበ። ከእሱ በኋላ ጎጆውን ያየ የለም። በ1990ዎቹ ወደዚያው የሄዱ አጥኚዎች ረግረጉን ቢያስሱም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

በብርድ ወራት ግን ወፉን የሚያገኙበት አድራሻ ነበር። በሞሮኮ አትላንቲክ ዳርቻ የሚገኘው መርጃ ዘርጋ፣ ትርጉሙም “ሰማያዊው ሐይቅ”፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጣት የሚቆጠሩ ከርሉዎችን በየዓመቱ ያስተናግድ ነበር። ከአውሮፓ የመጡ ወፍ ተመልካቾች ቴሌስኮፓቸውን ተሸክመው፣ በአካባቢው ሰዎች እየተመሩ፣ በግጦሽ መሬትና በውሃ ዳር ይጠብቁት ነበር። በየካቲት 1995 አንድ ወፍ ታየ። ሁሉንም ያስማማው የመጨረሻ ማስረጃ ያ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ተመልካቾች ወፉን ቤቱ ባልሆነ ቦታም መጠበቅ ጀመሩ። ይህ ከንቱ ተስፋ አልነበረም። ስደተኛ ወፎች፣ በተለይም የመጀመሪያ ጉዟቸውን የሚያደርጉ ወጣቶች፣ በነፋስ ተገፍተው ወይም አቅጣጫ ስተው ከመንገዳቸው በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀው ሊያርፉ ይችላሉ። ቀጭን መንቁር ከርሉም ይህ ታሪክ አለው፤ በ1925 አካባቢ አንዱ አትላንቲክን ተሻግሮ በካናዳ ኦንታሪዮ፣ በኤሪ ሐይቅ ዳርቻ ተገድሏል።

በግንቦት 1998 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ድሩሪጅ ቤይ ላይ አንድ ትንሽ፣ ነጣ ያለ ከርሉ አረፈ። ለአራት ቀናት ቆየ። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተና ብርቅ ወፍ አሳዳጆች ከየአቅጣጫው ጎረፉ፤ ፎቶና ቪዲዮ ተነሳ፣ ንድፍ ተሳለ።

በብሪታኒያ እንዲህ ያለ ግኝት በተመልካቹ ቃል ብቻ አይጸድቅም። ከ1959 ጀምሮ የሚሠራው የብርቅዬ ወፎች ኮሚቴ ዝርዝር መግለጫ፣ ምስልና ሲገኝም ድምፅ ተቀብሎ ይመረምራል፤ ሌላ ወፍ ሊሆን የሚችልበትን መንገድ ሁሉ ይፈትሻል። የድሩሪጁ ወፍ ይህን አለፈና ወደ አገሪቱ የወፎች ዝርዝር ገባ። ዓመታት አልፈው ስለ ትልቁ ከርሉ የመልክ ልዩነት የበለጠ ሲታወቅ ግን መዝገቡ እንደገና ተከፈተ፤ ማስረጃው በቂ አይደለም ተብሎም ወፉ ከዝርዝሩ ተሰረዘ። ባሕር ዳር ቆመው “አየነው” ብለው ማስታወሻቸው ላይ ምልክት ያደረጉ ሰዎች ያዩት ምን እንደነበር ዛሬም ይከራከራሉ።

በ2004 የተፈጠረው ክርክር መቋጫው ፈጣን ነበር። በምሥራቅ እንግሊዝ ሚንስሜር በተባለ የወፎች ጥብቅ ስፍራ የታየ ከርሉ ተመልካቾችን ለሁለት ከፈለ። አንዳንዶች የሚፈለገው ወፍ ነው አሉ፤ ሌሎች ትልቁ ከርሉ ነው ብለው ጸኑ። የወፉ ኩስ ተለቅሞ ዲ ኤን ኤው ሲመረመር እውነት የሁለተኞቹ ሆነ።

ፍለጋው የግለሰቦች ጉጉት ብቻ አልነበረም። በ1994 በስደተኛ እንስሳት ስምምነት ሥር ይህን አንድ ዝርያ ለመጠበቅ የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ዓለም አቀፍ የሥራ ቡድን ከሜዲትራንያን እስከ መካከለኛው ምሥራቅ ያሉ ተመልካቾችን አስተባበረ፤ የመለያ ምስሎችንና በመርጃ ዘርጋ የተቀዳውን ድምፁን በስልካቸው ይዘው እንዲወጡ አደረገ። ወፉ ግን አልተገኘም።

ለመጥፋቱ ተጠያቂ የሚሆነው ምክንያት አንድ አይደለም። በጉዞ መስመሩ ሁሉ በጠመንጃ ታድኗል፤ የሜዲትራንያን ረግረጎች ለእርሻ ሲባል ተጠንፍፈዋል። በሙዚየም በተቀመጡ ወጣት ወፎች ላባ ላይ የተደረገና በ2018 የታተመ የአይሶቶፕ ጥናት ደግሞ ዋናው መራቢያ ከታራ በስተ ደቡብ፣ በሰሜን ካዛኪስታንና በአጎራባች ሩሲያ የሣር ሜዳዎች ሳይሆን እንዳልቀረ አመለከተ። ከእነዚያ ሜዳዎች ብዙው በሶቪየት ዘመን ታርሷል። ጥናቱ ትክክል ከሆነ፣ በታራ የተፈለገው ወፍ ድሮም ብዙ የነበረው ሌላ ቦታ ነው።

በኅዳር 2024 የለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምን ጨምሮ የበርካታ ተቋማት አጥኚዎች የናሙናዎችንና የዕይታዎችን መዝገብ በስሌት መርምረው ዝርያው ጠፍቶ ሳይሆን አይቀርም አሉ። በጥቅምት 2025 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀጭን መንቁር ከርሉን በቀይ መዝገቡ “ከምድር የጠፋ” በሚለው ክፍል አስፍሮታል።