ታክሲ

ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ የገባ ቃል። «ታክሲሜትር» ከተባለው የጉዞ ሒሳብ ቆጣሪ ስም ያጠረ ሲሆን፣ መነሻው ተመን ወይም ቀረጥ የሚል ፍች ያለው የላቲኑ «ታክሳ» ነው። በአዲስ አበባና በአጎራባቾቿ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ግን ታክሲ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው በተወሰነ መስመር የሚመላለስ ሚኒባስ ነው። ቆጣሪ የለውም፤ ሒሳቡ በታሪፍ ይከፈላል። ወያላው በር ላይ ቆሞ «ዓለም ገና፣ ሰበታ!» እያለ ይጣራል፤ መውረድ የፈለገ «ወራጅ አለ» ይላል። መኪናውን ለብቻ በስምምነት መያዝ «ኮንትራት» ሲሆን፣ በስልክ የሚጠራው ደግሞ በተለምዶ «ራይድ» ይባላል። ቡራዩ በአምቦ፣ ሰበታ በጅማ፣ ሱሉልታ እንጦጦን አልፎ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው፤ አዲስ አበባ ሠርቶ ለሚያድር ነዋሪያቸው ታክሲ ከኑሮ ዋና ዋና ወጪዎች አንዱና የማታ ሰልፍ ምክንያት ነው።