ስም ጥሪ የሌለበት ክፍል

አሥራ አምስት ቀን ነበር የተባለው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቡርኪና ፋሶ በገባ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ላይ ኮሮና መገኘቱ ተነገረ፤ ሰኞ መጋቢት 7 የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ለሁለት ሳምንት እንዲዘጉ ታዘዘ። ተማሪው ደብተሩን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ገባ። ሁለት ሳምንቱ ግን ሰባት ወር ሆነ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲፈጅ የሚዘጋ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከጥቂት አይበልጥም ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ገና የአሥር ዓመት ዕድሜ ነበረው። ከመቶ ዓመት በኋላ ቤቱ የቀረው ተማሪ 26 ሚሊዮን ያህል ነው።

በጋሞ ዞን ይህ መዘጋት በሁሉም ላይ እኩል አልወደቀም። ጫሞ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል፤ ዳርቻው ሙቀት፣ ሙዝና ዓሣ ነው። ከአርባ ምንጭ ተነስቶ 37 ኪሎ ሜትር ሽቅብ የወጣ ሰው ጨንቻ ይደርሳል፤ እዚያ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል፣ ጓሮው እንሰትና ቀርከሃ ነው፣ በዶርዜ ቤት ውስጥ ሸማ ይሠራል። የያኔው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ራሱ በ1950ዎቹ ከዚያ ደጋ ወደዚህ ቆላ የወረደ ነው። አንዱ የ4ኛ ክፍል ተማሪ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ አባቱ ስማርት ስልክ ያለው፣ ሌላው ቦንኬ ወይም ካምባ ተራራ ላይ ስልክ የሚይዘው ጉብታ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው።

ከክፍሎች ሁሉ 4ኛ ክፍልን ነጥሎ ማየት ምክንያት አለው። በያኔው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል የገጠር ልጅ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር ነበር፤ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆን ነበር። የ4ኛ ክፍል ሁለተኛ መንፈቅ እንግዲህ ዋዜማ ነበር። ልጁ በጋሞኛ ማንበብን አጥብቆ፣ እንግሊዝኛውን ለቅሞ የሚሻገርበት ጊዜ ነበር። በ2012 የተቆረጠው በትክክል ይህ መንፈቅ ነበር።

ለጋሞ በገዛ ቋንቋ መማር ራሱ በቀላሉ የተገኘ ነገር አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስተማረው በ15 ቋንቋዎች ሲሆን ከአካባቢው ወላይትኛ ተካቶ ጋሞኛ አልተካተተም። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል፤ ያ ሽልማት ግን ጨንቻ ላይ በሌላ ቋንቋ ለተቆጠረ ፊደል ምንም አይለውጥም። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ተራው ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተቀላቅለው “ወጋጎዳ” የተባለ የመማሪያ ቋንቋ ተበጀ። በ1992 ዓ.ም. መጻሕፍቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲገቡ ሶዶ ላይ ሕዝብ ተነሣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፣ የሰሜን ኦሞ ዞንም ተበተነ። ጋሞኛ ለብቻው መጽሐፍ ይዞ የጸናው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጋቢት 2012 ላይ በብዙ የገጠር ቤት የቀረው ብቸኛው የትምህርት ዕቃ ያ መጽሐፍ ነበር።

መንግሥት ፊቱን ያዞረው ወደ አሮጌ ወዳጅ ነው፤ ወደ ራዲዮ። ለአንደኛ ደረጃ ራዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ቴሌቪዥን፣ ስልክ ላለው ቴሌግራም፤ እቅዱ ባጭሩ ይህ ነበር። ለኢትዮጵያ አዲስ አልነበረም። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ለትምህርት ቤቶች ትምህርት ያቀርብ ጀምሯል፤ የትምህርት በራዲዮ ፕሮግራምም ለአሥርተ ዓመታት በየክፍለ ሀገሩ ሲሠራጭ ኖሯል። በዘጠናዎቹ አንደኛ ደረጃ የተማረ ጎልማሳ የራዲዮ እንግሊዝኛን ያስታውሳል። መምህሩ ከሥርጭቱ በፊት አዳዲስ ቃላቱን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ሬዲዮኑ ይናገራል፣ ይጠይቃል፣ ከዚያ ለመልስ የሚሆን ጊዜ ትቶ ዝም ይላል። ሃምሳ ልጅ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። ሲያልቅ መምህሩ ያልገባውን መልሶ ያስረዳል።

እዚህ ላይ ነው የ2012ቱ ችግር የተደበቀው። የራዲዮ ትምህርት ሲታሰብ መምህርና ክፍል አብረው እንደሚኖሩ ተቆጥሮ ነው፤ ሬዲዮኑ ረዳት ነበር። በኮሮና ጊዜ ረዳቱ ብቻውን ተላከ። ለመልስ የተተወው ጊዜ መላሽ አጣ፤ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ለሬዲዮ ጮክ ብሎ አይመልስም፣ ቢመልስም ትክክል መሆኑን የሚነግረው የለም። የሁለተኛ ደረጃው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት በ1997 ሲጀመር የተነሣው ቅሬታ እዚህም ይሠራል፤ ፕላዝማው ተማሪው ጻፈም አልጻፈም አይጠብቅም ነበር። ያኔ ግን ክፍሉ ውስጥ ቢያንስ አንድ መምህር ቆሞ ነበር። በዚያ ላይ ከበሽታው በፊት በተደረጉ አገር አቀፍ የቤተሰብ ጥናቶች ከሦስት ቤተሰብ አንዱ እንኳ ራዲዮ አልነበረውም። ያለውም ቢሆን ለባትሪ ድንጋይ የሚወጣው ገንዘብ ከጨውና ከበርበሬ ጋር ይሻማል፤ ዜና ለመስማት የሚገዛ አባት ለ4ኛ ክፍል ሒሳብ ይገዛል ብሎ መገመት የዋህነት ነው።

ይህን መንገድ ሌሎችም ቀድመው ሄደውበታል። በ1937 እ.ኤ.አ. ፖሊዮ ቺካጎን ሲያስጨንቅ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ 315,000 ያህል ልጆች ለሦስት ሳምንት ገደማ በራዲዮ ተማሩ፤ ጋዜጦች የዕለቱን ትምህርትና ጥያቄ ያትማሉ፣ መምህራን ደግሞ ስልክ ላይ ተቀምጠው ወላጅ ሲደውል ይመልሳሉ። በ1951 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ አሊስ ስፕሪንግስ የተከፈተው የአየር ትምህርት ቤት በበረሃ የተበተኑ የከብት አርቢ ልጆችን ያስተማረው ሁለቱም ወገን በሚናገርበት ራዲዮ ነው፤ ልጁ ሲጠራ “አለሁ” ይላል። ሴራሊዮን በ2014 እ.ኤ.አ. ኢቦላ ትምህርት ቤቶቿን ሲያዘጋባት ራዲዮን ተጠቅማለች። ከእነዚህ የተሻለ የሠሩት መልስ የሚመለስበት መንገድ የነበራቸው ናቸው፤ ጋዜጣ፣ ስልክ፣ ወይም የልጁ የራሱ ድምፅ።

በአርባ ምንጭ ከተማ ያ የመልስ መንገድ ቴሌግራም ሆነ። እንደ ሌሎቹ ከተሞች ሁሉ የግል ትምህርት ቤቶች ፈጠኑ፤ ለወላጆች ግሩፕ ተከፈተ፣ ዎርክሺት በፎቶ ተላከ፣ ልጁ ደብተሩ ላይ ሠርቶ እናት ወይም አባት ፎቶ አንስተው ለቲቸር ላኩ። ስልክ የሌለው ወላጅ ወረቀቱን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ይወስዳል። የድምፅ መልእክት ሲመጣ ልጆች ከትምህርቱ ይልቅ የቲቸርን ድምፅ ደጋግመው ከፈቱ ቢባል የሚገርም አይሆንም። ጉዳቱም ወዲያው ታየ፤ ስልኩ የአባት ነው፣ አባት ሥራ ውሎ ማታ ይገባል፣ ስለዚህ የጠዋቱ ክፍል የሚከፈተው ማታ ነው። ሁለት ሦስት ልጅ ያለበት ቤት አንድ ስልክ ይዞ ሦስት ክፍል ያስተምራል። ካርድ ያልቃል። 

የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች፣ በተለይ የገጠሮቹ፣ ከዚህ ውጭ ነበሩ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2012 የበጀት ዓመት ማብቂያ ላይ 46 ሚሊዮን ያህል ደንበኛ ሲኖረው የኢንተርኔት ተጠቃሚው ከ24 ሚሊዮን አላለፈም፤ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ደጋ ላይ ያለ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ወላጅ ነው ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። በቤት ደግሞ ሥራ አይጠፋም። በቆላው፣ በላንቴና በጫኖ፣ ሙዝ ይቆረጣል፣ ይጫናል። በዶርዜ እናት ትፈትላለች፣ አባት ይሸምናል፣ ወንዱ ልጅ ድርና ማጉን ከማዘጋጀት ይጀምራል። ከጨንቻ ዙሪያ ልጆች ለሽመና ሥራ ወደ አዲስ አበባ መወሰዳቸው ከበሽታው በፊት ብዙ የተጠናና የተወራ ችግር ነው፤ ትምህርት ቤት ከዚህ ያግድ የነበረው በማስተማሩ ብቻ ሳይሆን በየጠዋቱ ስም በመጥራቱ ነው። ስሙ ሁለት ሦስት ቀን ሲጠራ “የለም” የተባለ ልጅ ቤቱ ድረስ ይጠየቃል። ከመጋቢት በኋላ የሚጠራ አልነበረም።

ታዲያ ክፍሉ እንዴት እንደ ክፍል ይቆይ? ቀላሉ መልስ ጎረቤት ነበር። ትምህርት ቤቶቻችን ለዓመታት ተማሪውን በ“1ለ5” ሲያደራጁ ኖረዋል፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስቱን ያስጠናል ይባላል። በወረቀት ላይ የቀረው ቢበዛም፣ በአንድ መንደር ያሉ ልጆች ተሰብስበው እንዲያጠኑ ከዚህ የተሻለ ዝግጁ አደረጃጀት አልነበረም። ግን መጋቢት 30 ቀን 2012 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፤ 1ለ5 ሲቆጠር ስድስት ነው። በአንጻሩ ኢትዮጵያ እንደ ጣሊያን ወይም እንደ ሩዋንዳ ሰውን ሙሉ በሙሉ ቤት አልዘጋችም። ታክሲ በግማሽ ሰው ይጭን እንጂ ይሄድ ነበር፤ ገበያውም ይውል ነበር። ልጁ እናቱን ተከትሎ ገበያ መሃል ይቆማል፣ ከክፍል ጓደኛው ጋር ግን ዛፍ ሥር ተቀምጦ መጽሐፍ መግለጥ አልተፈቀደለትም። በዱቡሻ፣ በጋሞ የጉባኤ አደባባይ፣ ተቀምጦ ተራ በተራ እየተናገረ ነገሩን ሁሉ የሚጨርስ ማኅበረሰብ፣ ሽማግሌዎቹ በ2011 መባቻ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቆጣ ወጣት የመለሱ ማኅበረሰብ፣ ለልጆቹ ትምህርት የራሱን ዘዴ እንዲፈልግ አለመጠየቁ እስካሁን ያስቆጫል።

በቤት ያለው ታላቅ ወንድም ወይም እህት ብዙውን ጊዜ ብቸኛው መምህር ሆነ። ጋሞኛውን እናትም ታግዛለች፤ ፊደሉን ባታውቅ ቃሉን ታውቃለች፣ ልጁ ሲያነብላት ስሕተቱን ትሰማለች። ለ4ኛ ክፍል ይህ ትልቅ ዕድል ነበር። ከእሱ አንድ ክፍል ከፍ ላለው ልጅ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሳይንስ ያላጠኑ ወላጆች ከአጠገቡ ከመቀመጥ ሌላ የሚያደርጉለት አልነበራቸውም።

ለከተሞቹም የቀረው መንገድ ለጊዜው ተዘጋ። ሰኔ 22 ሌሊት ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግስቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ የተመለሰውም ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ ደረጃ በደረጃ ነው። ቴሌግራም ላይ የቆመው ክፍል በአንድ ሌሊት ጠፋ፤ አርባ ምንጭ ያለው ልጅና ካምባ ያለው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ሆኑ። ከዚያ ክረምቱ ገባ። የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና አልተሰጠም፤ ከ8ኛና ከ12ኛ በቀር ተማሪው ወደ ቀጣዩ ክፍል እንዲያልፍ፣ ያመለጠውም በማካካሻ እንዲሸፈን ተወሰነ። የ4ኛ ክፍሉ ልጅ ሁለተኛውን መንፈቅ ሳይጨርስ 5ኛ ክፍል ገባ ማለት ነው።

መስቀል በጋሞ ከሁሉ የሚበልጥ በዓል ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ሸማኔ ሁሉ ለእሱ ወደ ደጋው ይመለሳል። የ2013ቱ መስቀል ካለፈ በኋላ ትምህርት ቤቶች በየተራ ተከፈቱ፦ ከጥቅምት 9 ጀምሮ ገጠሩ፣ ሳምንት ቆይቶ ከተሞች፣ ጥቅምት 30 አዲስ አበባ። ጭምብል ግዴታ ሆነ፤ በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ እንዲቀመጥ ታዘዘ። ሃምሳ ልጅ ይይዝ የነበረው ክፍል ለሁለት ተከፈለ፣ ፈረቃ መጣ፣ መምህሩ አንዱን ትምህርት ሁለት ጊዜ አስተማረ። ለብዙ ልጅ ይህ ከዚያ በፊት አግኝቶ የማያውቀው ነገር ነበር፤ መምህሩ ስሙን ብቻ ሳይሆን ደብተሩን የሚያይበት ክፍል። የአዲስ አበባና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያ ጊዜ ያደረጉት ጥናት ግን በገጠርና በከተማ ልጆች መካከል የነበረው የሒሳብ ልዩነት በመዘጋቱ መስፋቱን አሳይቷል።

የያኔዎቹ የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች በ2016 ዓ.ም. 8ኛ ክፍል ደረሱ። በመካከሉ ሥርዓተ ትምህርቱ ተለወጠ፤ የትውልድ ክልላቸውም ፈርሶ ነሐሴ 2015 ላይ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናቸውን የፈተናቸው መጋቢት 2012 ላይ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ቤት ሲሄዱ ገና ያልነበረ ክልል ነው።