አበል የማይጨምር ማዕረግ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ ሹመትን ከመብል፣ ሽረትን ከቁጭት ጋር ያቆራኛል። ነገር ግን መብል የሌለበት፣ ቁጭቱ ብቻ ከባለቤቱ ዕድሜ አልፎ ለልጅና ለልጅ ልጅ የተረፈ ሽረትም በታሪክ ይገኛል። የሁለቱ አሜሪካውያን የጦር አዛዦች፣ የአድሚራል ኸዝበንድ ኪመልና የሌተና ጄኔራል ዋልተር ሾርት ነገር ከዚህ ወገን ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።)

ሁለቱም ሃዋይ ላይ የተሾሙት በ1941 መጀመሪያ ነው። ኪመል የፓስፊክ ውቅያኖስን የጦር መርከቦች እንዲያዙ፣ ሾርት ደግሞ ደሴቶቹንና ወደቡን በምድር ጦር እንዲጠብቁ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 7 ቀን፣ እሑድ ጧት፣ የጃፓን አውሮፕላኖች ፐርል ሀርበርን በድንገት መቱ። 2,403 አሜሪካውያን አለቁ። አሥራ አምስት ቀን እንኳ ሳይሞላ ሁለቱም አዛዦች ከሥልጣናቸው ተነሡ።

እዚህ ላይ የዘመኑን የሕግ አሠራር ማስተዋል ያሻል። በዚያን ጊዜ ሦስተኛውና አራተኛው ኮከብ የሰውየው ሳይሆን የወንበሩ ነበር። መኮንኑ ወንበሩን ሲለቅ ኮከቡንም ትቶ ወደ ቋሚ ማዕረጉ ይመለሳል። በዚህ መሠረት ኪመል ከአራት ኮከብ ወደ ሁለት ወርደው ሪር አድሚራል፣ ሾርት ከሦስት ወደ ሁለት ወርደው ሜጀር ጄኔራል ሆኑ፤ በ1942 መጀመሪያም በዚሁ ማዕረግ ጡረታ ወጡ። እንግዲህ በወረቀት ላይ ማንም ማዕረጋቸውን አልገፈፈም። ወንበሩ ሄደ፣ ኮከቡም ተከተለው።

ከጡረታው አስቀድሞ ግን ስማቸው ቆስሎ ነበር። በከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ በኦወን ሮበርትስ የሚመራ መርማሪ ኮሚሽን በጃንዋሪ 1942 ሁለቱ አዛዦች ግዴታቸውን ዘንግተዋል ሲል ለሕዝብ ይፋ አደረገ። ኮሚሽኑ ችሎት አልነበረም፤ ተከሳሽ የሚከራከርበት፣ ምስክር የሚሞግትበት ሥርዓትም አልነበረውም። ኪመል በጦር ፍርድ ቤት ይፈረድልኝ ወይም ይፈረድብኝ እያሉ ወተወቱ። ችሎቱ ግን ከቶ አልተሰየመም።

በ1944 የባሕር ኃይሉ አጣሪ ጉባኤ በኪመል ላይ ለክስ የሚያበቃ ጥፋት እንዳላገኘ ገለጠ፤ የበላዮቻቸው ግን ይህን ውሳኔ ሙሉ በሙሉ አልተቀበሉትም። የምድር ጦሩ መርማሪ ቦርድ በበኩሉ ሾርትን ቢወቅስም ወቀሳውን ለዋሽንግተን ባለ ሥልጣናትም አካፈለ። በ1946 ደግሞ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ኮሚቴ ብዙኃኑ አባላት የሁለቱ ሰዎች ጥፋት የአመዛዘን ስሕተት እንጂ ግዴታን መዘንጋት አይደለም አሉ። ከሮበርትስ ቃል ይህ ብዙ የለዘበ ነው።

የነገሩ እምብርት ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። በ1947 ኮንግረስ ባወጣው የመኮንኖች ሕግ፣ በጦርነቱ ጊዜ ከፍ ያለ ማዕረግ የነበራቸው ጡረተኞች በዚያው በከፍተኛው ማዕረጋቸው እንዲመዘገቡ ተፈቀደ። ወንበሩ የወሰደውን ኮከብ ሕጉ ለሰውየው መለሰለት። ኮንግረስ ራሱ ኋላ እንዳሰፈረው፣ ከጦርነቱ ከፍተኛ አዛዦች መካከል ለዚህ ብቁ ሆነው ሳለ ከዝርዝሩ የቀሩት ኪመልና ሾርት ብቻ ናቸው።

ለሁሉ የሚሰጥ ስጦታ ለሁለት ሰዎች ሲከለከል፣ ክልከላው ምን ይባላል? ሕጉ ቅጣት አይደለም ይላል፤ ለማዕረግ ዕዳ የለምና። ማኅበር ሙሉ ሲሸለም ሁለቱን ዘሎ ማለፍ ግን ቃል የሌለው ፍርድ ነው።

ፍርዱ ተገቢ ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። በ1995 የመከላከያ ሚኒስቴሩ ባለ ሥልጣን ኤድዊን ዶርን ያቀረቡት ጥናት ኃላፊነቱ የሁለቱ ብቻ አይደለም፣ ብዙዎች ይጋሩታል ካለ በኋላ ማዕረጉ እንዲመለስ ግን አልመከረም። አዛዥ በእጁ ባለው ጦር ላይ ለሚደርሰው ይጠየቃል፤ 2,403 ሙታንም ምላሽ ይሻሉ። ይሁንና ከፐርል ሀርበር ሰዓታት በኋላ በፊሊፒንስ አውሮፕላኖቻቸው መሬት ላይ እንዳሉ የጋዩባቸው ዳግላስ ማክአርተር፣ በዚያው ወር አራተኛ ኮከብ፣ በ1942 ደግሞ የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ ተቀበሉ። ሚዛኑ ለሁሉም እኩል አልነበረም።

ሾርት በ1949፣ ኪመል በ1968 ዐረፉ። የኪመል ልጅ ማኒንግ የሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ሆኖ በ1944 በዚያው ጦርነት ሞቷል፤ የተረፉት ልጆች የአባታቸውን ማዕረግ ለማስመለስ ለብዙ ዓመታት ደከሙ። በ1999 ሴኔቱ 52 ለ 47 በሆነ ድምፅ ደገፋቸው፤ በ2000 ኮንግረስ ፕሬዚዳንቱን በሕግ ጠየቀ። ቢል ክሊንተን ሳይፈርሙ ወረዱ፤ ጆርጅ ቡሽም ባራክ ኦባማም አልፈረሙም።

ከዚያ ሕግ ውስጥ እኔን ያስቆመኝ አንድ አንቀጽ ነው፤ ማዕረጉ ቢመለስ እንኳ ጡረታም ሆነ ሌላ ጥቅም አይጨምርም ይላል። እንደኔ በባንክ መስኮት ለሚውል ሰው ጡረታ በየወሩ ተቆጥሮ የሚከፈል ብር ነው። በዚህ መዝገብ ግን ከብሩ ዓምድ የሚለወጥ አንዲት ሣንቲም የለም፤ የሚለወጠው የስሙ ዓምድ ብቻ ነው። አንድ ቤተሰብ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ የተሟገተው ለዚህ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላልና።

ለሙታኑም ለአዛዦቹም የሚገባው በአደባባይ የተሰየመ ችሎት ነበር። ጥፋተኛ ከተባሉ ፍርዱ ተጽፎ ይታወቅ ነበር፤ ንጹሕ ከተባሉም ኮከባቸው ይመለስ ነበር። ችሎቱ ስላልተሰየመ ፍርዱ በጡረተኞች ዝርዝር ውስጥ ተሸሸገ። በዚያ ላይ ደግሞ ይግባኝ የሚባልበት ዳኛ የለም።