መልሕቅ የማይይዝ ደሴት

በመርከብ የሚዞር ሰው ከሩቅ ደሴት ሲያይ ውበቷ በኋላ ነው የሚታየው። ነፋሱ ከየት ነው? የኮራል ሪፉ ማዕበሉን ይሰብራል? ከሥር ያለው አሸዋ ነው ወይስ ድንጋይ? እንቅልፍ የሚመጣው ይህ ሁሉ ከተመለሰ በኋላ ነው። የባውንቲ መርከብ ታሪክ ሁሌም የሚወራው በጨካኝ አለቃና ባመፁ መርከበኞች ነው። ለእኔ ግን የማደሪያ ፍለጋ ታሪክ ነው።

ባውንቲ ታሂቲ የደረሰችው በኦክቶበር 1788 (እ.ኤ.አ.) ነበር። የመጣችበት ጉዳይም የሚያኮራ አይደለም፤ በካሪቢያን እርሻዎች ላሉ ባሮች ርካሽ ምግብ ይሆናል የተባለውን የብሬድፍሩት ችግኝ ለመውሰድ ነው። አዛዧ ዊልያም ብላይ እነ ካፒቴን ኩክ በለመዱት በማታቫይ ሰላጤ መልሕቁን ጣለ። ማታቫይ ግን በሰሜን ምዕራብ በኩል ክፍት ነው። በዲሴምበር ማዕበሉ ገብቶ ሲያናውጣቸው፣ መርከቧን ቶዋሮዋ ወደሚባል ከሪፍ ጀርባ ወዳለ ጸጥተኛ ቦታ አዛወራት። እዚያም በፌብሩዋሪ አንድ ቀን ጠዋት የመልሕቁ ገመድ ተቆርጦ ተገኘ፤ የቀረው አንድ ክር ብቻ ነበር። ብላይ መጀመሪያ የጠረጠረው የደሴቱን ሰዎች ነው። ከአመፁ በኋላ ግን ጥርጣሬው ወደ ራሱ ሰዎች ዞረ፤ መርከቧ ሪፍ ላይ ብትወጣ ማን ይጠላል?

አመፁ የተነሳው ኤፕሪል 28 ቀን 1789 ነው። ከዚያ ወዲያ የመሪው የፍሌቸር ክርስቲያን ጭንቀት ሌላ ሆነ። ጥሩ መልሕቅ መጣያ ሁሉ በካርታ ላይ አለ፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይልም ካርታ ማንበብ ያውቃል። ቱቡዋይ ላይ ሞከሩ፤ ከነዋሪዎቹ ጋር ደም ተፋሰው ለቀቁ። 16ቱ «ታሂቲ ትሻለናለች» ብለው ወረዱ። በማርች 1791 ፓንዶራ የተባለች አሳዳጅ መርከብ እዚያው ማታቫይ ገብታ በሕይወት የቀሩትን 14ቱን ለቀመቻቸው።

ክርስቲያን የመረጠው ሰው የማይመኘውን ነው። ፒትኬርንን ካርተሬት የተባለ እንግሊዛዊ በ1767 አይቷት ነበር፤ ማዕበሉ ግን አላስወርድ አለው። ኬንትሮሷንም ሲመዘግብ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳተ። ገደል የከበባት፣ መልሕቅ የማያስተማምንባት፣ ካርታ ላይ ያለ ቦታዋ የተቀመጠች ደሴት! በጃንዋሪ 1790 ደረሱ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ መርከቧን አቃጠሏት። 18 ዓመት ማንም አላገኛቸውም። በ1808 ቶፓዝ የምትባል አሜሪካዊት መርከብ ስትደርስ፣ ከመጡት 15 ወንዶች በሕይወት ያለው አንድ ብቻ ነበር። አብዛኞቹ እርስ በርስ ተገዳድለው አልቀዋል። ዛሬም አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ እንግዳ መርከብ ርቃ ቆማ፣ ሰው የሚወርደው በጀልባ ነው።

ደሴቷ ግን አሳዳጅን እንደምታስቀር ሁሉ መውጣት የፈለገንም ታስቀራለች። ከታሂቲ ከመጡት ከአስር የሚበልጡ ሴቶች ብዙዎቹ ወደው አልነበረም የመጡት። በ1794 ጀልባ ሠርተው ለማምለጥ ተነሱ፤ ቴሁቴአቱአኦኖአ የተባለችው ሴት የገዛ ቤቷን ጣውላ ነቅላ ለሥራው ሰጠች። በኦገስት ጀልባዋን ባሕር ላይ አወረዷት፤ ወዲያው ተገለበጠች። ቴሁቴአቱአኦኖአ ከፒትኬርን የወጣችው በ1817፣ በሚያልፍ መርከብ ተሳፍራ ነው።