የመንግሥት የመሠረተ ልማት ማስታወቂያ ወጪ

የመሠረተ ልማት ማስታወቂያ ወጪ የሚባለው መንግሥት በግብር ገንዘብ የሚያሠራቸውን መንገዶች፣ ግድቦች፣ ትምህርት ቤቶችና የውሃ መስመሮች ለሕዝብ ለማስተዋወቅ የሚያወጣው ገንዘብ ነው። የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ማስታወቂያን፣ የጋዜጣ ገጽን፣ የምረቃ ድግስንና በግንባታ ቦታ የሚተከለውን ታፔላ ይጨምራል።

መንገድ መዘጋቱንና ተለዋጭ መንገዱን የሚናገር ማስታወቂያ የአገልግሎቱ አካል ስለሆነ ማንም አይከራከርበትም። ገንዘብ የሚጠይቅም አለ። በኢትዮጵያ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ለተጣለው ታላቁ የህዳሴ ግድብ የቦንድ ሽያጩና የ8100 አጭር ቁጥር ገቢ ማሰባሰቢያ በሰፊው ተዋውቀዋል፤ የዚህ ዓይነቱ ዘመቻ ውጤት በገባው ገንዘብ ሊለካ ይችላል። የሚያከራክረው «ይህን የሠራነው እኛ ነን» ብሎ የሚያበቃው ነው፤ ከተመልካቹ ምንም አይፈልግም፣ ምናልባት ከምርጫ ድምፁ በቀር።

ወጪውን አንድ ላይ ደምሮ ማግኘት ቀላል አይደለም። የቴሌቪዥን ዘመቻ በመሥሪያ ቤቱ በጀት ላይ ይታያል። ታፔላው ግን ብዙ ጊዜ ባለሙያዎች ቢኦኪው በሚሉት የሥራ ዝርዝርና ዋጋ ሰነድ ውስጥ፣ ከካምፑና ከዘበኛ ቤቱ ጎን አንድ መስመር ሆኖ ይገባል። ተቋራጩ አሠርቶ ይተክለዋል፤ ክፍያውም የግንባታ ወጪ ተብሎ ይመዘገባል።

ብዙ የተባለለት የካናዳ ጉዳይ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣውን የኢኮኖሚ ማነቃቂያ «ኢኮኖሚያዊ የድርጊት መርሐ ግብር» ብሎ ሰየመው፤ ወደ ላይ የሚመዘዙ ቀስቶች ያሉት ዓርማም ሰጠው። ታፔላዎቹ ገንዘቡ በደረሰበት ሁሉ ተተከሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 እንደተዘገበው የእነሱ ወጪ ብቻ ወደ 29 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ደርሶ ነበር። የማነቃቂያው ጊዜ ካለፈ በኋላም ስሙ በማስታወቂያ ላይ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በሆኪ ጨዋታዎች መሐል የተላለፈ አንድ ማስታወቂያ፣ ከክፍላተ ሀገራቱ ጋር ገና ስምምነት ያልተደረሰበትን የሥራ ሥልጠና ድጎማ እንዳለ አድርጎ አቀረበ፤ የአገሪቱ የማስታወቂያ ሥነ ምግባር ተቋምም አሳሳች ነው ሲል ወሰነ። ሳሙና ሻጭ ገበያ ላይ ያልዋለ ሳሙና እንደዚህ ቢያስተዋውቅ ከዚያው ተቋም ፊት መቅረቡ አይቀርም ነበር።

አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2009 የ787 ቢሊዮን ዶላር የማነቃቂያ ሕግ አወጣች። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚበር መንገደኛ በሚያርፍበት ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ለቆመ አንድ ታፔላ 10,000 ዶላር መውጣቱ በቀጣዩ ዓመት ሲዘገብ ቁጣ ቀሰቀሰ። ከጠቅላላው አንጻር ገንዘቡ ኢምንት ነው። ሆኖም የአስፋልቱን ዋጋ መገመት የማይችል ሰው የታፔላውን ይገምታል።

አንዳንድ አገሮች ገደቡን በሕግ አስፍረዋል። እ.ኤ.አ. የ1988 የብራዚል ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 የመንግሥት ሥራዎች ማስታወቂያ ባለሥልጣናትን የሚያወድስ ስም፣ ምልክት ወይም ምስል እንዳይዝ ይከለክላል። ስፔን በምርጫ ወቅት የመንግሥት ሥራዎችን መመረቅን ሳይቀር አግዳለች። የካናዳዋ ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ ማስታወቂያ ሳይሰራጭ በፊት ዋና ኦዲተሩ እንዲመረምረው አደረገች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ግን የኦዲተሩን ሥልጣን አጠበበችው።

የአውሮፓ ኅብረት በአንጻሩ ታፔላን ያስገድዳል። ከቀጣና ልማት ወይም ከትስስር ፈንዱ ድጋፍ ያገኘና ከ500,000 ዩሮ በላይ የሚፈጅ ግንባታ የኅብረቱን ዓርማ የያዘ ሰሌዳ መትከል አለበት፤ ካልተከለና ካላረመ ከድጋፉ እስከ 3 በመቶ ሊቀነስበት ይችላል።

የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በመንግሥት ማስታወቂያ ላይ የፕሬዚዳንቱ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩና የዋና ዳኛው ፎቶ ብቻ እንዲወጣ ወሰነ። የክልል መንግሥታት አቤት ብለው፣ ውሳኔው በዓመቱ ተሻሽሎ የክልል ዋና ሚኒስትሮችም ፎቶ ተፈቀደ።