ሁለቱ ሐኪሞችና ሁለቱ መንገዶች

በዘንድሮው ዓመት እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አጥብቀን የምንከራከርበት አንድ ጉዳይ አለ። ሐኪም ለመሆን የሚመኝ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን እንደ ጨረሰ በቀጥታ ወደ ሕክምና ትምህርት ይግባ፣ ወይስ አስቀድሞ የሳይንስ ዲግሪ ተቀብሎ ኋላ ሕክምናን ይማር? ክርክሩ በዕረፍት ሰዓት ከዛፉ ጥላ ሥር ይጀመርና ማታ ከየቤታችን ይደርሳል። በእኛ ቤት አባቴ «ቀጥተኛ መንገድ ሳለ በዙሪያ የሚሄድ ሰው ምን ጠፍቶበት ነው?» ይላሉ። ባዮሎጂ አጥንቶ ሲያበቃ ሕክምና የተማረው የአጎቴ ልጅ ደግሞ «እኔ በ18 ዓመቴ ገብቼ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ዓመት ጥዬ እሸሽ ነበር» ይለኛል። እናቴ ሁለቱንም አዳምጠው «ብቻ ይማር» ብለው ያልፋሉ።

ነገሩ ቢያስጨንቀኝ፣ ታሪክ ምን ይላል ብዬ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርሁ። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ፣ አገራችን በመጀመሪያ ካፈራቻቸው ዘመናዊ ሐኪሞች መካከል ሁለቱ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መንገድ ይዘው መሄዳቸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በጎንደር ተወልደው ገና የ3 ዓመት ገደማ ሕፃን ሳሉ፣ በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በወደቁ ጊዜ ከወላጆቻቸው ተለይተው ቀሩ። አንድ የእንግሊዝ መኰንን አንሥቶ ወደ ህንድ አገር ወሰዳቸው፤ ኋላም ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኰንን ለትምህርታቸው ከፈለላቸው፤ ስለዚህ ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ። የተማሩትም በፑንጃብ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ይህን ሳነብ ሰውዬው የቅርብ ዘመዴ መስለው ታዩኝ፤ እኔም የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ነኝና በጧት ደወል፣ በመዝሙርና በእንግሊዝኛ ሰዋስው መካከል ማደግ ምን እንደሚመስል ዐውቃለሁ። ልዩነቱ፣ እኔ ማታ ማታ ከእናቴ ቤት እገባለሁ፤ እርሳቸው ግን የሚገቡበት የእናት ቤት አልነበራቸውም።

ከዚያም በቀጥታ ወደ ላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገቡ። ይህ ኮሌጅ እንግሊዞች በ1860 ያቋቋሙት ነው። በመካከሉ የሳይንስ ዲግሪ የሚባል ነገር የለም፤ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ሬሳ መመርመሪያውና ወደ በሽተኛው አልጋ መሄድ ነው። በ1882 ሲመረቁ ዕድሜያቸው ከእኔ ዕድሜ እምብዛም አይርቅም ነበር። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ እኔ ገና የምርጫ ቅጽ በምሞላበት ዕድሜ እርሳቸው በሽተኛ ወደ ማከም ተሻግረዋል።

ነገር ግን ቀጥተኛው መንገድ በላሆር አላለቀም። ወጣቱ ሐኪም ጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በኤዲንበርግ እንደ ገና ተማሩና ከፍ ያለውን የሐኪምነት ፈቃድ ተቀበሉ፤ ከዚያም በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት ሠሩ። በ1896 የዓድዋ ድል በዓለም በተሰማ ጊዜ የተወለዱበት አገር ልባቸውን ሳበውና በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ መጡ። አያታቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ለይተው ዐወቋቸው ይባላል። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1952 ድረስ ሐኪም ብቻ አልነበሩም፤ በ1925 የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ ኋላም የጨርጨር ገዥ፣ በጠላት ወረራ ጊዜም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል።

እንግሊዞች ተማሪውን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሕክምና ማስገባታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በአገራቸው ጥንት ሐኪም የሚሆነው ልጅ፣ እንደ ማንኛውም ባለ ሙያ ልጅ፣ ከአዋቂ ሐኪም ወይም ከመድኀኒት ቀማሚ ዘንድ በልጅነቱ ገብቶ እያገለገለ የሚማር ነበር። በ1858 የወጣው ሕግ ፈቃድ ያላቸውን ሐኪሞች በአንድ መዝገብ ካስገባ በኋላም ትምህርቱ ከሆስፒታል ዙሪያ አልራቀም። አሳባቸው፣ ሐኪም የሚሠራው በአልጋ አጠገብ ነው፤ የሚያስፈልገውን ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እዚያው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይማረዋል የሚል ነው። እስከ ዛሬም በብሪታንያ አብዛኛው የሕክምና ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ወጥቶ 5 ወይም 6 ዓመት የሚማር ነው።

እንግዲህ አሜሪካኖች ስለ ምን ሌላ መንገድ አበጁ? እኔ እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቼ፣ ሀብታሞች ስለ ሆኑ ጊዜና ገንዘብ ተርፏቸው ነው እል ነበር። ታሪኩን ሳነብ ግን ነገሩ ከሀብት ሳይሆን ከሀፍረት የመጣ ሆኖ አገኘሁት። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ የመምህራኑ የግል ንግድ ነበሩ። ገንዘብ የከፈለ ሁሉ ይገባል፤ ላቦራቶሪ የለም፤ በሽተኛ ቀርቦ ማየት የለም ለማለት ይቻላል፤ መምህሩ ሲያነብ ሰምቶ ዲፕሎማ ይዞ መውጣት ነው። ስመ ጥር በሆነው በሃርቫርድ እንኳ፣ በ1870 አካባቢ ፕሬዚዳንቱ ኤልየት የሕክምና ተማሪዎች በጽሑፍ ይፈተኑ ባሉ ጊዜ፣ ከተማሪዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት መጻፍ አይሆንላቸውም የሚል መቃወሚያ ከመምህራኑ ወገን ቀረበላቸው። መጻፍ ለማይችል ሐኪም ገላን አምኖ መስጠት እንዴት ያለ ነገር ነው!

ይህን ያስተካከለው በ1893 በባልቲሞር ከተማ የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ገንዘብ አጥሮት መከፈቻው ዘግይቶ ሳለ፣ ሜሪ ኤልሳቤጥ ጋሬት የሚባሉ ወይዘሪት ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ሰጡ፤ ነገር ግን ገንዘቡን የሰጡት በሁለት ታላላቅ ውሎች ነው። አንደኛው ሴቶች ከወንዶች ጋር በእኩልነት እንዲገቡ ነበር፤ ሁለተኛው ወደ ሕክምና የሚገባ ሁሉ አስቀድሞ የኮሌጅ ዲግሪ እንዲኖረው፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂም የተማረ እንዲሆን ነው። ከመጀመሪያዎቹ 18 ተማሪዎች 3ቱ ሴቶች ነበሩ። የክፍላችን ልጃገረዶች ይህን ከእኔ ሲሰሙ ክርክሩን ትተው አጨበጨቡ። ከመምህራኑ አንዱ የነበሩት ስመ ጥሩ ሐኪም ኦስለር ግን ውሉን ባዩ ጊዜ ለባልደረባቸው ለዌልች፣ እኛስ በመምህርነት መግባታችን በጀን እንጂ በተማሪነት ቢሆን አንቀበልም ነበር ብለው ቀለዱ ይባላል። ቀልድ ቢሆንም በውስጡ እውነት አለበት፤ ታላቅ ሐኪም ለመሆን ያ ውል የግድ አለመሆኑን ኦስለር በራሳቸው ይመሰክሩ ነበርና።

በ1910 ደግሞ አብርሃም ፍሌክስነር የሚባሉ፣ ሐኪም ሳይሆኑ የትምህርት ቤት መምህር የነበሩ ሰው፣ በአሜሪካና በካናዳ የነበሩትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች መርምረው ሪፖርት አወጡ። ላቦራቶሪ አለን ብለው በወረቀት የሚያስነግሩትን በር አስከፍተው ባዶ ክፍል አገኙ። በሪፖርታቸውም ማንም ተማሪ ቢያንስ 2 ዓመት በኮሌጅ ሳይንስ ሳይማር ወደ ሕክምና አይግባ አሉ። ደካሞቹ ትምህርት ቤቶች ቀስ በቀስ ተዘጉ፤ የአሜሪካ ሕክምናም በዓለም የታወቀ ሆነ። ይህን ብቻ ቢጽፉልን ደስ ባለን፤ ነገር ግን ዋጋውን ማን ከፈለ ብዬ ብጠይቅ ሌላ ነገር አገኘሁ። ለጥቁሮች ከነበሩት 7 የሕክምና ትምህርት ቤቶች 5ቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዘጉና ሃዋርድና መሃሪ ብቻ ቀሩ። ደንቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ለላቦራቶሪ የሚሆን ገንዘብ ያልተሰጠው ወገን በሩ ተዘጋበት።

ሁለተኛው ሐኪማችን የገቡት ከነዚህ ከቀሩት ሁለት በሮች በአንደኛው ነው። ዶክተር መላኩ በያን በ1900 በወሎ ተወልደው፣ አስቀድመው ወደ ህንድ ተልከው ነበር፤ ኋላ ግን ወደ አሜሪካ ሄዱ። በኦሃዮ ግዛት በመስኪንገም ኮሌጅ፣ ኋላም በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ በዋሽንግተን ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። ሐኪም ሆነው የተመረቁት በ1935 ነው። ከተወለዱ 35 ዓመት መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ኢጣልያ አገራችንን ወረረች፤ ዶክተር መላኩም ወደ አገራቸው ተመልሰው በጦርነቱ ቁስለኛ አከሙ። ከሽንፈቱ በኋላ ተመልሰው ወደ አሜሪካ ሄደው በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ፤ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የሚባል ጋዜጣም አወጡ። በ1940 በ40 ዓመታቸው አረፉ። የሐኪምነት ዘመናቸው 5 ዓመት ብቻ ነበር፤ ጦርነቱና ስደቱ የወሰደውን ብንቀንስ በሰላም ያከሙበት ጊዜ ምን ያህል እንደሚቀር አንባቢ ይገምተው።

አባቴ ይህን ባነበብሁላቸው ጊዜ «አየህ! መንገዱ በላቸው» አሉ። የአጎቴ ልጅ ግን፣ ሰውዬው አገራቸውን ለዓለም ያሰሙት በኮሌጁ ዓመታት ባገኙት ንግግርና ጽሑፍ ነው ብሎ ተከራከረ። እኔም ለጥቂት ቀን በዚህ አሳብ ተስማምቼ ነበር። ኋላ ግን ሐኪም ወርቅነህን አስታወስሁ፤ በቀጥታ ገብተው የተማሩት ሰውዬ በለንደን ስለ አገራቸው ሲናገሩ ከማንም አላነሱም። እንግዲያስ ዲግሪ ማስቀደም ሰውን ሰፊ ያደርጋል የሚለው ነገር በእነዚህ በሁለቱ ሕይወት አይረጋገጥም።

የአገራችን ትምህርት ደግሞ በሁለቱም መንገድ ሞክሯል። በ1954 በሐኪም ወርቅነህ የትውልድ ከተማ በጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ሐኪም በጣም ጥቂት በሆነበት በዚያ ዘመን ለገጠሩ የጤና መኰንኖችን የሚያወጣ መካከለኛ መንገድ ነበር። በ1964 በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። በ2012 መንግሥት የሐኪሞችን ቁጥር ለማብዛት ሲል በሳይንስ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሕክምና የሚያስተምር አዲስ ፕሮግራም ጀመረ። የአጎቴ ልጅ የገባው በዚህ በር ነው።

ታሪኩን ካነበብሁ በኋላ የጥያቄው መልክ ተለወጠብኝ። አሜሪካኖች ዲግሪን ያስቀደሙት ዲግሪ በራሱ ቅዱስ ስለሆነ አይደለም፤ ተማሪዎቹ ከታች ትምህርት ቤት ሳይንስ ሳይማሩ ይመጡ ስለነበር ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለብኝ፣ ዲግሪው ሊሰጠኝ የሚችለውን የእኔ ትምህርት ቤት ሰጥቶኛል ወይ የሚለውን ሆነ። በላቦራቶሪያችን አንድ ማይክሮስኮፕ ለ6 ተማሪ ነው፤ ወረፋዬ ሲደርስ ደወል የሚደወልበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ለባዮሎጂ መምህራችን ብነግራቸው ቁልፉን ሰጡኝ፤ ለ3 ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት እየመጣሁ ብቻዬን ሠራሁ። በመጨረሻው ቅዳሜ ከሥጋ ቤት የተገዛ የበግ ልብ አምጥተው ክፈት አሉኝ። እጄ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ኋላ ግን የልቡን በሮች አንድ በአንድ ሳገኝ ቁርሴን አለመብላቴን እንኳ ያስታወሰኝ መምህሬ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን መጻፍ ያሳፍረኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ሆኖም እውነት ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከእኔ በታች 3 ልጆች አሉ። እኔ 4 ዓመት ብዘገይ የምዘገየው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የእኅቴም ተራ ይዘገያል። ከዚህም በላይ፣ መንግሥት ሐኪም ቢያንሰው ለባለ ዲግሪዎች የከፈተው በር፣ እኔ ከ4 ዓመት በኋላ ስደርስ ክፍት ሆኖ ይጠብቀኝ እንደሆነ ማን ዋስ ይሆነኛል? የአጎቴ ልጅ ያለው ግን ከልቤ አልወጣም፤ በ18 ዓመቱ ፈርቶ ይሸሽ የነበረ ሰው ዛሬ ሌሊት ሌሊት ወላድ ያዋልዳል። እርሱን ሐኪም ያደረገው ያ መዘግየት እንደሆነ እኔም አምናለሁ። ያ መድኀኒት ለእርሱ ስለ ሠራ ለእኔም ይሠራል ማለት ግን አይደለም።

ባለፈው ሳምንት በምርጫ ወረቀቴ ላይ በመጀመሪያው መሥመር ሕክምና፣ በሁለተኛው ባዮሎጂ ብዬ ጻፍሁ። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። የአጎቴ ልጅ አይቶ ምንም አልተናገረም፤ በማግሥቱ ግን የቆየ የኬሚስትሪ መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልሎ ላከልኝ።